ጉሪኔና ስም ያጣው ዜማ

«ዜማዬን ነፍስ ሳይዘራ ቀበርከው! አንተ የቀለም ጠርሙስ!»

ጉሪኔ ይህን ስትጮህ በእጇ የያዘችው የግጥም ወረቀት ገና አልደረቀም፤ አውራ ጣቷ ላይ ጥቁር ቀለም ተለጥፎባታል። አታሚው ቶሌፍ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን ከማተሚያው ሳያነሳ፣ በዚያ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የያዘው በሚመስል ድምፁ መለሰላት።

«ምን አጠፋሁ ማዳም ጉሪኔ? አራት መቶ ወረቀት፣ አንድ ፊደል አልሳትኩም።»

«አናቱን አንብበው! አንተው ያተምከውን አንብብልኝ!»

ቶሌፍ መነጽሩን አወረደ። «"በጉም ውስጥ ስለጠፋችው ሙሽራ፣ አዲስና እጅግ አሳዛኝ መዝሙር። ዜማው፦ እንደ ሚስቱን የገደለው አንጥረኛ።" እና?»

«እናማ ሙሽራዬን ያ ነፍሰ ገዳይ መዶሻውን ይዞ እየጨፈረ ሊሸኛት ነው! ባዶ ተወው ብዬ አልለመንኩህም?»

«ለምነሽኛል። ግን እጄ ለምዶ... በቃ ለምዶ።»

እውነቱን ነው፣ እጁ ለምዶ ነው። በወደብ ከተማዋ በርገን ውስጥ የሚሸጥ የግጥም ወረቀት ሁሉ አናቱ ላይ ሰው የሚያውቀው የአንድ አሮጌ ዜማ ስም አለው። ገዢዋ ስሙን ታያለች፣ ቤቷ ገብታ አዲሱን ቃል በድሮው ዜማ ታንጎራጉራለች። ቃሉ በየሳምንቱ ይወለዳል፤ ዜማው ግን ሃያ አይሞላም፣ እንደ አንድ ቤት ካፖርት ሁሉም በየተራ ይለብሰዋል። የቶሌፍ ሥዕልም ያው ነው። ከእንጨት የተቀረጸች ሦስት ምሰሶ ያላት አንዲት መርከብ አለችው፤ የሰመጠም የተሰደደም በሷ ነው የሚሄደው። ይቺ ሙሽራ የጠፋችው በአራት መቅዘፊያ ጀልባ ነበር። መርከቧ ግን ይኸው ሸራዋን ነፍታ እዚህም ቆማለች።

«ደግሞ ዜማሽ ምኑ አዲስ ነው?» አለ ቶሌፍ። «መጀመሪያው ራሱ አንጥረኛው አይደል እንዴ?»

«ሁለቱ ስንኝ ይመሳሰላል። ሦስተኛው ላይ አንጥረኛው ደረጃ እንደሳተ ሰካራም ቁልቁል ይንደረደራል። የኔዋ ወደ ላይ ነው የምትወጣው። ዝም ብለህ ስማ!»

ዘፈነችለት። ቶሌፍ ማተሚያውን አቆመ። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ራሱ ቀስ ያለ መሰለ።

«ያምራል» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «ማንም ግን አይይዘውም።»

«እንግዲያው ኖታውን አትምልኝ።»

«ኖታ? ለዓሣ ሻጭ? ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስላት! ኖታ ኮረብታው ላይ ፒያኖ ላላቸው እመቤቶች ነው።»

ጉሪኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከባሕሩ አፍ ካለች ትንሽ ደሴት መጥታ ሰው ቤት አገልግላለች፤ አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች ስትዘፍን መንገደኛው መስኮት ሥር ሲሰበሰብ አይታ፣ ሰሃኑን አስቀምጣ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ የዓሣ ገበያውም፣ የእንፋሎት መርከቡ ወለልም ቤቷ ነው። አንድ ብልሃት አላት። መዝሙሩ አሥራ አንድ አንጓ ከሆነ ሰባቱን ትዘፍናለች። የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሲታይ፣ ልክ እዚያ ላይ፣ ያስላታል።

«ኧረ ማዳም፣ ሞተች ወይስ ተረፈች?» ይላሉ።

«ጉሮሮዬ እቴ! ወረቀቱ ያውቃል» ትላለች ወረቀቱን እየዘረጋች።

እንዲህ ሠላሳ ዓመት። ቃሉ የሌላ፣ ዜማው የሌላ፣ የሷ ጉሮሮዋ ብቻ። በመጋቢት ግን ከደሴቶቹ ስትመለስ፣ ዓሣ ለገበያ በሚያመጡ ቀዛፊ ሴቶች ጀልባ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም ብላ፣ ጉሙ ውኃውንና ሰማዩን አንድ አድርጎት ሳለ፣ እንቅልፍ ወሰድ መለስ አደረጋት። መቅዘፊያው ይገባል፣ ይወጣል፤ ከጫፉ ጠብታ ይወርዳል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጠብታዎቹ ተያያዙ። ዜማ ሆኑ። ሦስተኛው ላይ ጠብታው ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ላይ የወጣ መሰላት፤ እንዳይጠፋባት ዓይኗን ለመግለጥ ፈራች።

«ማናችሁ ናችሁ የዘፈናችሁት?» አለች በኋላ።

«የምን ዘፈን?» አለቻት አንቢዮርግ፣ ክንዷ የወንድ ጭን የሚያህለው ቀዛፊ። «ትንፋሽ የት ተገኝቶ? ባይሆን አንቺ አንኮራፍተሻል።»

እንግዲያው የሷ ነው። በሕይወቷ የመጀመሪያው የራሷ ነገር።

ይሄን ለቶሌፍ አልነገረችውም። ያለችው ይሄን ነው፦ «እንወራረድ! አንድ ሰው፣ እኔ በሌለሁበት፣ በኔ ዜማ ሲዘፍነው በጆሮህ ከሰማህ፣ በሚቀጥለው ወረቀት አናት ላይ "እንደ ጉሪኔ ሙሽራ" ብለህ ታትማለህ። ጀልባም ትቀርጽልኛለህ። ባለ አራት መቅዘፊያ።»

«እስከ መቼ?»

«የሰኔው ቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ እሳት እስኪለኮስ።»

«ካልሰማሁስ?»

«አንጥረኛውን ዓመቱን ሙሉ እዘፍንልሃለሁ። በርህ ላይ። እየጨፈርኩ!»

ቶሌፍ ሳቀና እጁን ሰጣት።

ጉሪኔ ወረቀቶቹን ተሸክማ ቤቷ ገባች። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ እየነከረች በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የአንጥረኛውን ስም ተጭና ደፈነችው። አራት መቶ ጊዜ። ሲያልቅ ጣቷን አየችው፤ ጠቁሯል፣ ለሳምንት አይለቅም።

ገበያ ወጣች። «ዜማው ምንድነው? አናቱ ላይ የጣት አሻራ ብቻ ነው ያለው» አሉ። ስለዚህ መዝፈን ነበረባት። ሰባተኛው አንጓ ላይ ብታቆም ደግሞ ማን በደንብ ይይዘዋል? ዓይነ ርግቡ ተንሳፈፈ፤ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ሳሏን ጠበቀ። ጉሪኔ ግን አላሳለችም። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ እስከ አሥራ አንድ ሄደች፦ ሙሽራዋ አልተገኘችም፤ ጉም በወረደ ቁጥር ግን የብር አክሊሏ ውኃው ላይ ሲያቃጭል ይሰማል።

«ምነው፣ ዛሬ ጉሮሮሽ ተሻለው?» አለች አንቢዮርግ፣ ደረቅ ዓሣ እያኘከች።

ሁሉም ሳቁ። መጨረሻውን በነጻ ሰምተው፣ ሁለት ሦስቱ ብቻ ገዝተው ሄዱ። በማግስቱም እንዲሁ። ቶሌፍ በበሩ ብቅ ብሎ ያልጎደለ ቅርጫቷን አየና «አብደሻል!» አላት። እሷ ግን ዘፈነች፤ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሲያባራ፣ መልሶ ሲዘንብ። ፊታቸው ሲለሰልስ፣ ዓይናቸው ወደ ባሕሩ ሲሄድ ታያለች።

አንድ ቀን አንቢዮርግ ወደ ደሴቷ ልትመለስ ጀልባዋን ስትፈታ፣ «ይዤዋለሁ እኮ» ብላ ጀመረች። ሁለቱ ስንኝ ደህና ሄደ። ሦስተኛው ላይ፣ ዥው፣ ወረደች።

«ወደ ላይ!» አለች ጉሪኔ።

ደገመችው። ዥው።

«ወደ ላይ አልኩሽ አንቺ ሴትዮ! ሙሽራ ናት እንጂ በርሜል አይደለችም!»

«ምን ላድርግ? ክንዴ ራሱ አንጥረኛውን ነው የሚቀዝፈው!» በአራተኛው ሙከራ ወጣች። ወይም የወጣች መሰለ። ከዚያ ጉሙ ዋጣት፤ ለሁለት ወር አልተመለሰችም።

የዮሐንስ ዋዜማ ማለዳ ከተማው በጉም ተሸፍኖ ነቃ። ጉሪኔ ወደቡ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቶሌፍ በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ማታ ለሚለኮሰው እሳት የተከመሩት አሮጌ በርሜሎች ከኋላው እንደ ቤት ቆመዋል።

«ከሥራህ ምን አወጣህ?» አለችው።

«ጆሮዬን ላናፍሰው ብዬ።»

አጠገቡ ባለ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የመቅዘፊያ ድምፅ መጣ። ይገባል፣ ይወጣል፣ ጠብ ይላል። በላዩ ላይ የሴት ድምፅ፣ ቀጭን፣ የማን እንደሆነ የማይለይ፣ አንደኛውን ስንኝ አወጣ። ሁለተኛውን። ጉሪኔ የቶሌፍን እጅጌ ጨበጠች።

ሦስተኛው ላይ የእንፋሎት መርከቡ ጮኸ። ወደቡን ሁሉ ሞላው። ጸጥ ሲል አራተኛው ስንኝ አልቆ ነበር።

«አንጥረኛው ነው» አለ ቶሌፍ፤ ግን በሹክሹክታ።

«ሙሽራዋ ናት።»

«የት ሰማሽው?»

«አንተስ የት ሰማኸው?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ዝም በል። አሥራ አንድ አንጓ አለው።»

ቶሌፍ ባርኔጣውን አውልቆ ጆሮውን ወደ ጉሙ አዞረ። ጀልባዋ ትቅረብ ትራቅ አይታወቅም። ድምፁ ሁለተኛውን አንጓ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመረ።