ያልተበጣ ክንድ

በግራ ክንዴ ላይ ሁለት ጠባሳ አለኝ። አንዱ ረዘም ያለና ሸካራ ነው፤ አያ ጓዴ በምላጭ የበጡኝ። ሌላው ክብና ልስልስ ነው፤ ከከተማ የመጣው ዳኛቸው በመርፌ የወጋኝ። ሰው ስለ ትምህርትና ስለ ሥልጣኔ አፉን ሞልቶ ሲናገር እጅጌዬን ሰብስቤ ሁለቱን ጠባሳ አያለሁ፤ ደሜም ይፈላል። ለምን እንደሚፈላ ልንገራችሁ።

አያ ጓዴ በሲማዳ፣ ከወገዳ በታች አገሩ ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት፣ የሚካኤል አጥቢያችን ገበሬ ነበሩ። እንደማንኛችንም ገብስና ባቄላ ይዘራሉ፤ ለሚካኤል ማኅበርም ተራቸው ሲደርስ ይደግሳሉ። ውቂያው አልቆ ጎተራው ሲሞላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። የአገሩ ፈንጣጣ ከታቢ እሳቸው ነበሩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ፈንጣጣ ገባ ሲባል ሕመሙ የቀለለለትን፣ እዚህም እዚያም ጥቂት ብቻ ያወጣበትን ሰው ይፈልጋሉ። ከእሱ መግል ወስደው በማር ይለውሱታል፤ የጤነኛውን ልጅ ክንድ በጥተው ያንን ይቀቡና በጨርቅ ያስራሉ። የተበጡት ልጆች ከመንደር ወጣ ባለ ዳስ ውስጥ ይከርማሉ፤ እናቶች ምግቡን ከሩቅ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ጥቂት ያወጣል፣ ይድናል። ከዚያ ወዲያ ፈንጣጣ ዕድሜ ልኩን አይደርስበትም። የደረቀውን እከክ ደግሞ ለክፉ ቀን ብለው በቀንድ ያኖሩታል። በክረምት አይበጡም፤ የራበው ልጅ ትኩሳቱን አይችለውም ይላሉ።

እንዳታሞግሷቸው ግን፤ ሁሉም አይድንም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አበራሽ የሞተችው በእሳቸው ምላጭ ነው። አንድ ዓመት ደግሞ በሽታው ጨርሶ ያልደረሰበት መንደር ጠራቸውና ሄዱ። ልጆቹን በዳሱ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ልጆቹም ትኩሳታቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ፈንጣጣን ለዚያ መንደር ያወረሱት አያ ጓዴ ናቸው። የሞቱትን ስም በስም ያውቋቸው ነበር፤ በየዓመቱ ለሚካኤል ሻማ ሲያበሩ እየጠሯቸው ነው የሚያበሩት። ሰዉ ግን አልተቀየማቸውም፤ ከእሳቸው ሌላ ማን ነበረው?

ዳኛቸው የመጣው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ለክትባት ሥራ የሠለጠነ፣ ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ የሚዞር ቀጭን ወጣት ነበር። ከታቢ አለ ብለው ነግረውት ኖሮ ሊጣላ ተዘጋጅቶ መጣ። አያ ጓዴ ግን እግሩን አሳጥበው፣ እህል አቅምሰው፣ «በል ልጄ፣ ንገረኝ» አሉት።

«እርስዎ የሚያስገቡት የሰውን ፈንጣጣ ነው» አለ ዳኛቸው። «የእኛ መድኃኒት ግን ከከብት ፈንጣጣ የተገኘ ነው። ሰው አያስተኛም፤ ወደ ጎረቤትም አይሻገርም።»

አያ ጓዴ «እኔ እንግዲህ ሌባውን ራሱን ነው ቤት የማስገባው» አሉ። «አንተ የሌባውን ልብስ ብቻ ውሻውን ታስሸትታለህ። ሌባው ሲመጣ ውሻው ያውቀዋል።»

«እንደዚያው ነው አባባ።»

«ወደ ጎረቤት አይሻገርም አልከኝ?»

«አይሻገርም።»

ያን ጊዜ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። ዳኛቸው የተናደዱ መሰለው። እኛ ግን ለእነማን እንደሚያለቅሱ እናውቅ ነበር።

በማግሥቱ የተበጣውም ያልተበጣውም ተሰልፎ ተወጋ፤ አያ ጓዴ ራሳቸው ልጆቹን እየጎተቱ ያቀርቡ ነበር። ሲያበቃ ዳኛቸው «ከእንግዲህ እንደማይበጡ ቃል ይግቡልኝ» አላቸው።

«ቃል አይበቃም» አሉ። «ሰው ልጁን ታቅፎ ደጄ ሲቆም እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እሰሩኝ።»

ዳኛቸው ፖሊስ መስሎት ደነገጠ። እሳቸው ያሉት ግዝት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ተክለ ማርያም፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ የሸበቱት የደብራችን መምህር፣ መስቀሉን አነሡ። በዚህ አጥቢያ ለፈንጣጣ የበጣ፣ ያስበጣም ቢሆን፣ «ውጉዝ ከመ አርዮስ» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እከክ ያለበት ቀንድ በደጀ ሰላሙ ተቃጠለ። ዳኛቸው ደስታው ከፊቱ አልጠፋም። በቅሎው ላይ ሲወጣ «በየጥቅምቱ እየመጣን አዲስ የተወለዱትን እንከትባለን» ብሎን ሄደ።

ጥቅምት መጣ፤ ዳኛቸው አልመጣም። ሌላም ጥቅምት አለፈ። በመካከሉ የኔታ ተክለ ማርያም አረፉ። በመካከሉም ወንዝ ማዶ የተዳረችው የአያ ጓዴ ልጅ፣ ተሾመች፣ ፈትለወርቅ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች።

በሰኔ ፈንጣጣ ከቆላ ወጥቶ ከተሾመች ጎረቤት ቤት ገባ። ወንዙ ገና አልሞላምና ልጇን አዝላ ተሻግራ አባቷ ዘንድ መጣች።

«አባባ፣ ይብጡልኝ» አለች። «ጎረቤቴ ቀልሎለታል፤ መግሉንም አይነፍገንም።»

«ተገዝቻለሁ ልጄ።»

«የልጅ ልጅዎ ናት እኮ።»

«ግዝቱ የልጅ ልጅ ብሎ አይለይም። አንቺም ከእኔ ጋር ትወገዣለሽ።»

ቢሆንም አላስቻላቸውም። በየኔታ እግር የተተኩትን ቄስ ገብሬን ሄደው «ይፍቱኝ» አሏቸው። ቄስ ገብሬ ክፉ ሰው አልነበሩም። «የኔታ ያሰሩትን እኔ ብፈታ ድፍረት ነው» አሉ። «ደብረ ታቦር ሊቀ ካህናቱ ዘንድ ይዝለቁ፤ እሳቸው ይፈቱታል።»

አያ ጓዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቁጭ ብለው ሲያስቡ አይቻቸዋለሁ። ወደ ደብረ ታቦር ቢሄዱ ይፈቱና ምላጫቸውን ያነሣሉ፤ ከታቢዎቹ ወደሚያድሩበት ወደ ወገዳ ቢሄዱ የዳኛቸውን መርፌ ያመጣሉ። ወገዳ ቅርብ ነው። ደግሞም አምነው ነበር፤ እግዚአብሔር ይይላቸው፣ ከልባቸው አምነው ነበር። ተሾመችን «የእሱ መርፌ ከእኔ ምላጭ ይሻላታል፤ እሱን አመጣልሻለሁ» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

ወገዳ ላይ ከታቢዎቹ ይዘውት በነበረው የኪራይ ቤት የቀረው አስናቀ የሚባል ዕቃ ጠባቂ ብቻ ነበር። በትሕትና አስተናገዳቸው።

«ሲማዳ ተጠናቋል አባቴ» አላቸው። «ሰዎቹም መድኃኒቱም ወደ ሌላ አውራጃ ሄደዋል።»

«የልጄ ጎረቤት ታሟል ነው የምልህ።»

«ኩፍኝ ይሆናል። ፈንጣጣ እኮ ከሲማዳ ጠፍቷል።» ፊታቸውን ሲያይ ግን «ለማንኛውም መልእክትዎን አሳልፋለሁ» አለ።

ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ፈትለወርቅ ታተኩሳለች። ኋላም አወጣባት፤ ፊቷን ሸፈነው፤ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ነፍሷ ተረፈች። ብርሃኗ ግን በሁለቱም ዓይኗ ጠፋ። ተሾመች ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ስትሄድ አባቷን አልተሰናበተችም። ለሚካኤል ክብረ በዓል እንኳ ደጃቸውን አልረገጠችም።

የመንደሩ ሰው መቼም ሐዘንም ላይ ይቀልዳል። መድኃኒቱ ከላም ነው መባሉን ያስታወሱ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሉ ጀመር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። ዳኛቸው ዋሸ አልልም፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። የአያ ጓዴ ምላጭ መጥፋት ነበረበት፤ አበራሽ ትመስክር። የሚያንገበግበኝ ክልከላው በአንድ እሑድ ደርሶ መድኃኒቱ መንገድ መቅረቱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆንን፤ አውርዱ ያለን ሰው ደግሞ መሰላሉን ይዞ ሄዷል።

በኅዳር ወንፈል ተጠርተን የአያ ጓዴን ገብስ ስናጭድ ዳኛቸው መጣ። የአስናቀ መልእክት ያን ጊዜ ነው የደረሰው። በመጀመሪያ ወንዝ ማዶ ሄዶ ልጅቱን አይቷል፤ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነችም ሰምቷል። አዲስ ፈንጣጣ ከተነሣ ከታቢውን ፈልጉ ተብሎ የተማረ ሰው ነው። ተሾመችን ከነልጇ አስከትሎ በአጨዳው መካከል ቆመ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«አልተውም አሉ አባባ» አለ። «የገዛ የልጅ ልጅዎን።»

ማጭዳችንን ያዝ አድርገን ቆምን። ተሾመች መሬት መሬት ታያለች፤ አልበጧትም ልትል አፏ እንዳልታዘዘላት ያስታውቃል። አያ ጓዴ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ልጅቱን ከእናቷ ጀርባ አወረዷት። ከታመመች ወዲህ ሲያቅፏት ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነው። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ገለጡ።

«የምላጭን ጠባሳ ታውቀዋለህ» አሉት። «ፈልግ።»

ዳኛቸው ትንሿን ክንድ ይዞ አገላበጠ። ሌላውንም አየ። ፈንጣጣው የጎደጎደው ቆዳ ነው እንጂ የተበጣ ቦታ አላገኘም።

«የለም» አለ።

«ቢኖርባትማ ኖሮ» አሉ አያ ጓዴ፣ «አሁን ታይህ ነበር።»