የአሥራ አራት ቁጥር ሩዝ መዓዛ

የሩዝ ምርምር ጣቢያው ሠራተኞች እትዬ አፍንጫ ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ሩዝ ማሽተት ነው። ሌላም ትሠራለች፤ ከማሳ የመጣውን ናሙና በትንሿ መፈልፈያ ትፈለፍላለች፣ ፍሬውን አሥር አሥር አድርጋ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድራ ርዝመቱንና ውፍረቱን ትለካለች፣ ሆዱ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ያለበትን ከጠራው ትለያለች። ስም ያወጣላት ግን ማሽተቱ ነው። የተፈጨውን ሩዝ ክዳን ባለው የመስታወት ሳህን ታደርግና ኬሚካል ጠብ ታደርግበታለች። አሥር ደቂቃ ቆጥራ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አንዴ ብቻ ትስባለች። ከዚያ "አለው" ወይም "የለውም" ብላ ትጽፋለች። ደግማ አትስብም። "ሁለተኛው ትንፋሽ ውሸታም ነው" ትላለች።

ምላሷም ከአፍንጫዋ የሚተናነስ አልነበረም። አዲሱ ዶክተር የዘረመል መመርመሪያ ማሽኑን ይዞ በመጣ ዕለት፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ከእንግዲህ አፍንጫ ጡረታ ወጥቷል" አለና ሳቀ።

"ይሁን" አለችው፣ "ማሽንዎን ጉንፋን ሲይዘው ግን ማን ሊናፈጥለት ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳትና ጭድ ሆኑ። በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች፤ እሱ ግን በሰው ፊት "አንቺ" ይላታል፤ ከኋላዋ ደግሞ "አነፍናፊዋ"።

የማሽኑ ሥራ ስውር አልነበረም። ሩዝ በተፈጥሮው መዓዛውን የሚያጠፋበት አንድ ጂን አለው። ያ ጂን ሲሰበር መዓዛው ሳይጠፋ ይቀራል። ማሽኑ ስብራቱን ፈልጎ ያያል። ዶክተሩ ይህን አንዴ ሲያስረዳ ገብቷታል፤ አልተቃወመችም።

በዚያ መኸር ስልሳ ዝርያ ቀረበ። በሃምሳ ዘጠኙ ማሽኑና አፍንጫዋ ተስማሙ። የቀረው አሥራ አራት ቁጥር ነበር። ድንክ፣ ሆዱ ነጭ፣ ለዓይን የማይሞላ ሩዝ። ማሽኑ ስብራት የለውም አለ። እሷ "አለው" ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ዶክተሩ መዝገቡን ይዞ ክፍሏ ድረስ መጣ። "ሳህን ሳታጥቢ ነው የሠራሽው። የሌላውን ሽታ ነው የሰማሽው።"

"እኔ ሳህን ሳላጥብ? የእርስዎን የቡና ስኒ ያጥቡ መጀመሪያ።"

በሩን ወርውሮት ወጣ። በሳምንቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ አሥራ አራት ቁጥር ከሙከራ ይውጣ፣ ዘሩ ለዶሮ ይሰጥ፣ እሷም በግዴለሽነት ትጠየቅ የሚል።

ጉዳዩ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ቀረበ። ኃላፊዋ የሁለቱም ጭቅጭቅ ያንገሸገሻት አሮጊት ነበረች። ዶክተሩ ምስክር አለኝ አለ። ምስክሩ ሲገባ የእትዬ አፍንጫ ባል ሆኖ ተገኘ።

ባሏ የማሳው ኃላፊ ነው። ስልሳውንም ዝርያ የዘራው እሱ ነው፤ አለቃው ደግሞ ዶክተሩ።

"ባለቤትህ አምና ጉንፋን ታማ ነበር?" አለው ዶክተሩ።

"ታማ ነበር።"

"ከዚያ ወዲህ ማሽተቷ እንዴት ነው?"

ባልየው ጫማውን እያየ መለሰ። "እ... አንዴ ድስት ሲያር አልሸተታትም።"

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ፣ ሁለት ሴት ልጆች ድራ፣ በሰው ፊት እንዲህ ይሸጠኛል ብላ አስባ አታውቅም።

"ድስቱን የጣድከው አንተ ነህ" አለችው። "እኔ ገበያ ነበርኩ።"

ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረች። "ሃያ ሳህን ይቅረብልኝ። ቁጥር ብቻ ይጻፍበት። ዶክተሩ ራሳቸው ያዘጋጁት፤ እኔ ውጭ እቆማለሁ።"

ማክሰኞ ጠዋት፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሰው ግድግዳውን ታክኮ ቆሞ እያየ ሃያውን ሳህን አንድ በአንድ ሳበች። መልሱ ከቀድሞው መዝገቧ ጋር ሲመሳከር አሥራ ዘጠኙ ገጠመ። ዶክተሩ አሥራ አራት ቁጥርን በሦስት ሳህን በትኖ ደብቆት ነበር፤ ሦስቱንም አግኝታዋለች። አንድ መዓዛ የሌለው ሳህን ላይ ግን "አለው" ብላለች።

"ሳተች! አያችሁ፣ ሳተች!" አለ ዶክተሩ።

"እስቲ እርስዎም ይሞክሩት" አለች ኃላፊዋ። አልሞከረም። የአሥራ አራት ቁጥር ዘር ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይላክ ተባለ።

መልሱ እስኪመጣ እሷን ወደ ዘር መጋዘን አዛወሯት። አምስት ወር ጆንያ ስትገለብጥ፣ አቧራ ስትውጥ ከረመች። ቤት ውስጥ አልጋዋን ወደ ልጆቿ የድሮ ክፍል አዙራለች።

"ምን ላድርግ፣ አለቃዬ ነው" አላት አንድ ቀን ባሏ።

"እኔስ ምንህ ነኝ?"

ከዚያ በኋላ ጨው ከማቀባበል ያለፈ ንግግር አልነበራቸውም።

መልሱ መጣ። የአሥራ አራት ቁጥርም ጂን ተሰብሯል፤ ግን በሌላ ቦታ። ማሽኑ የሚፈልገው የታወቀውን ስብራት ብቻ ስለነበር አላየውም። ዶክተሩ አላፈረም፤ ስብሰባ ጠርቶ "ቡድናችን አዲስ ስብራት አግኝቷል" ብሎ ማብራራት ጀመረ። እሷን ማንም አልጠራትም። ወሬውን ሰምታ ከነአቧራዋ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

"ቡድኑ ማን ማን ነው? የሰው ስም ልስማ።"

ዶክተሩ አራት ስም አነበበ። የእሷ የለበትም። የባሏ አለበት፤ ዘሪው ነዋ።

አልጮኸችም። ሁለት ጊዜ ያሰመረችበትን ገጽ ከነቀኑና ከነፊርማዋ አስገልብጣ፣ ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገባች። ዶክተሩ ተጠርቶ ሄደ። ስለ ግኝቱ የተጻፈው ጽሑፍ ሲታተም ስሟ መጨረሻ ላይ ገብቶ ነበር፤ እሷም በደብዳቤ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ባሏ የታተመውን ይዞላት መጣ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ተቀበለችው፤ ስሟ በትክክል መጻፉን አየች። "አንተን ከላይ አድርገውሃል" አለችውና በሯን ዘጋች። በዓመቱ ታላቂቱ ልጅ ልታስታርቃቸው መጥታ አልቅሳ ተመለሰች።

አሥራ አራት ቁጥር መዓዛ እንጂ መልክ ስላልነበረው ከአንድ ባለ ረጅም ፍሬ ዝርያ ጋር አዳቀሉት። የልጅ ልጆቹ እንደ ሰው ልጅ የተለያዩ ሆኑ፤ ረጅሙ አይሸትም፣ የሚሸተው ድንክ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የወላጆቹን ጉድለት ብቻ ይዞ ይወጣል። ዶክተሩና እሷ በአንድ ኮሪደር፣ ሰላምታ ሳይለዋወጡ፣ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ እየገፉ ሠሩ።

በዚሁ ሁለተኛ ትውልድ ከሁለት መቶ ተክል ሦስቱን አገኘች፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ክዳኑ ሲከፈት ክፍሉን የሚሞላ። መዝገቡን ይዛ በዶክተሩ በር አልፋ ቀጥ ብላ ኃላፊዋ ዘንድ ገባች።

ዶክተሩ ወሬውን የሰማው ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው። እየተንደረደረ መጥቶ "ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልተነገረም?" ብሎ ሲጮህ እትዬ አፍንጫ ሳህኖቿን እያጠበች ነበር። ቀና ብላም አላየችው።