ፊቱን ወደ ሱዳን ያዞረው ዲሽ

የሱዳን ጠረፍ ላይ ያለችው ኮኪት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ በሽታ ያዘኝ። ወባ አይደለም፤ ወባውን በመጀመሪያው ዓመት ጨርሼዋለሁ። በሽታዬ ዲሽ ነበር። የፊዚክስ መምህር ነኝና ለትምህርት ቤታችን ዲሽ ሲመጣ ትከለው የተባልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተጠብሼ፣ ሳህኑን ሳዞር ስመልስ ቆይቼ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይችለኝ! ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ሰርግ ላይ ሳይቀር፣ «ዲሽ አስተክሉ! ካርድ የለው፣ ወርሃዊ የለው፣ ከሰማይ በነፃ የሚወርድ ነገር ነው» እያልኩ ሰበክሁ።

የቆላ ሰው ግን በነፃ በሚባል ነገር አይታለልም። «ነፃ ከሆነ አንተን ምን አስለፈለፈህ?» ይሉኛል። እውነትም ምን አስለፈለፈኝ? አንዲት ሳንቲም አላገኝበት። ግን እልህ ያዘኝ። በጎጃምኛ ቅላፄዬ እየሳቁብኝ ሲሄዱ ደግሞ ይብስብኛል።

ዓይኔን የጣልሁት አከራዬ ላይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሰሊጡንም ማሽላውንም ራሳቸው የሚያሳርሱ፣ ለአጨዳ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ በአንድ ቃል ቀጥ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። በራቸውን ሰማያዊ ሲቀቡ መንገዱ በሙሉ ሰማያዊ የሆነበት ሰፈር ነው። እሳቸው እሺ ካሉ ኮኪት እሺ አለ ማለት ነው። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! «የሰው ወሬ አነሰኝና ነው በሳህን የምቀዳው?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ተናደድኩና፣ «እትዬ፣ ካርቱም እንኳ እዚሁ ቤትዎ ቁጭ ብለው ይታይዎታል እኮ!» አልኳቸው።

ይለቅሙት የነበረውን ምስር ትተው ቀና አሉ። «ካርቱም? ሰዉም?»

«ሰዉም፣ መንገዱም፣ ገበያውም!»

«ሰው ሁሉ?»

«ሰው ሁሉ!» አልኩ። ምላሴ መቼ ልጓም ያውቃል።

በዚያው ሳምንት ዲሹ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ከጎንደር መጣ። ጓሮ ተከልኩላቸው። ወዲያው ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ፣ የድሮ ወታደር ናቸው፣ በአጥር ብቅ አሉ። «ምነው ፊቱን ወደ ሱዳን አዞርከው?»

«ሳተላይቱ በዚያ በኩል ነው፣ አባባ።»

«የኛን አገር ጣቢያ አይደለም እንዴ የሚያሳየው?»

«ያሳያል እንጂ! ግን ሳተላይቱ ያለው በምዕራብ ሰማይ ነው።»

«ከጎንደር የሚመጣን እንግዳ ጀርባ ሰጥቶ መጠበቅ የት የተማርከው ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ ከክፍል ስመለስ ሽማግሌው ዲሹን ፊቱን ወደ ጎንደር አዙረውት፣ ጥቁር የሆነውን ቴሌቪዥን ቁጭ ብለው ይመለከታሉ። «ጎንደር መብራት ሄዶ ይሆናል» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ሰፈሩ ተከተለን፤ እሱስ እንዳሰብኩት ሆነ። ዲሽ በዲሽ ሆንን። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እኔ ተክዬ ዞር ስል እያንዳንዱ አባወራ ወደ ጎንደር ያዞረዋል። ጠረፍ ላይ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሱዳንን በጎሪጥ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች፣ አገራቸውን ከሱዳን በኩል እንዲቀበሉ ማን ያሳምናቸው? ቅዳሜና እሑዴ ዲሽ ወደ ሱዳን በማዞር አለቀ። ቀበሌው እንኳ ጠርቶ፣ «መምህር፣ የምታዞረው በምን ምክንያት ነው?» ብሎኛል።

አከራዬ ብቻ አንድም ቀን አላዞሩትም። ወደ ሱዳን ማየቱ እንደውም ደስ ብሏቸዋል። ሰዉ ቤታቸው ተሰብስቦ ድራማ ሲል፣ ጎረምሳው ኳስ ሲል፣ እሳቸው የሱዳንን ጣቢያ ይላሉ። ዓረብኛቸው ገበያ ላይ «ተማም»፣ እሺ፣ ከማለት አያልፍም። ቢሆንም ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ተቀምጠው ገበያውን፣ ሰርጉን፣ አውቶቡስ ተራውን ያያሉ። ጋዜጠኛው መሀል መንገድ ቆሞ ሲያወራ ይቆጡታል፦ «ዞር በል አንተ ረጅሙ! ከኋላህ ያሉትን ጋረድካቸው!» እኔ በሳቅ ፍርስ እላለሁ። «እትዬ ሱዳን ሊያገቡ ነው» እያልኩም አሾፍባቸው ነበር።

ክረምቱን አገሬ ሄጄ መስከረም ላይ ስመለስ፣ ሻንጣዬን ሳላወርድ፣ «ካርቱም ጠፋችብኝ!» ብለው ጮሁብኝ። ጓሮ ዞርኩ። በሰኔ የዘሩት ማሽላ ከኔ ቁመት አልፎ ዲሹ ፊት ግጥም ብሎ ቆሟል። ስተክል መች አሰብኩት? የደጋ ልጅ ነኝ፤ ማሽላ ቤት እንደሚያክል ዓምና አይቼም ከዲሽ ጋር አላገናኘሁትም።

«ቀላል ነው» አልኳቸው። «ቅዳሜ ረጅም ብረት አምጥቼ ከፍ አደርገዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ፣ ከዲሹ ፊት ያለው ማሽላ በሙሉ ታጭዶ ተኝቷል። አረንጓዴ ነው፤ ገና ራስ አላወጣም። አከራዬ ማጭዱን እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለአንዲት ዛላ ከጦጣ ጋር ሲጣሉ የሚውሉ ሴት!

«እትዬ! ይሄ ሁሉ ለቴሌቪዥን ነው?» አልኩ እየሳቅሁ።

አልሳቁም። «ሰው ሁሉ ይታያል ብለኸኝ የለ?» አሉ። «ልጄ ካርቱም ናት። ከሄደች ሦስት ዓመቷ። ቁጭ ብዬ አንድ ቀን ታልፋለች እላለሁ። ምናልባት አንተ የሄድክ ጊዜ፣ ማሽላው የጋረደኝ ቀን አልፋ ይሆናል።»

በቁሜ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ያ ሁሉ ወር ስስቅ፣ ለካ እሳቸው ልጅ እየፈለጉ ነበር። በጠመኔ የብርሃንን ጉዞ የማስተምር ሰውዬ፣ ይችን አላየሁም። እውነቱን ነገርኳቸው። ካሜራው የሚሄደው ጥቂት ቦታ ነው፤ ካርቱም የሰው ባሕር ናት፤ እኔ ያንን ያልኩት ዲሽ እንዲያስተክሉ ብዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ መቀነታቸውን ፈትተው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቁጥር ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ካመጣላቸው ዓመት አልፎታል።

«ስትወጣ ዓይንሽን አልይ ብያታለሁ» አሉ። «በአፌ ያልኩትን በምን አፌ ልመልሰው? ሳትሰማኝ ባያት ይሻለኛል ብዬ ነው እንጂ።»

ደወልኩ። ሲነሳ ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። «እማ?» የሚል ድምፅ እኔም ድረስ ተሰማ። ሠራተኛ የሚያሰልፉት ሴት ስልኩን መልሰው ደረቴ ላይ ለጠፉት። «አንተ ምላስ አለህ፤ አንተ ንገራት!»

ኮኪትን በሙሉ በምላሴ ዲሽ ያስተከልኩ እኔ፣ አንድ ቃል አጣሁ። መሬት ላይ የተኛውን አየሁና፣ «እናትሽ ማሽላውን አጭደውታል» አልኳት።

«በመስከረም?» አለች። የቆላ ልጅ ናት። «ራስ ሳያወጣ?»

«ሳያወጣ።»

«ለምን?»

«አንቺን ይጋርድብኛል ብለው።»

«ስልኩን ስጣት፤ ለእማ ስጣት» አለችኝ።