ሰይድ ነፋስ ሠራ፣ እኔ መፍቻ ደበቅሁ

ዛሬ መካነ ሰላም፣ ሰይድ ግቢ ውስጥ፣ የአውሮፕላን ሞተር ተነሳ። እኔ በቅናት ምሳ አልበላሁም።

ሰይድ አብሮ አደጌ ነው፤ ሁለታችንም ጋራዥ አለን። እኔ ባጃጅ እጠግናለሁ። እሱ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ያረጀች ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ገዝቶ፣ ክንፎቿን አስፈትቶ፣ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኖ መጣ።

«የዶሮ ቤት ታደርጋታለህ» ብዬ ከተማውን ያሳቅሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ከባሕር ዛፍ ጋር በገመድ አስሮ አስነሳት። በነፋሷ የጎረቤቱ ገለባ ሁሉ በአጥር ላይ ተሻግሮ ሄደ። እልልታው ቀለጠ!

ይህንንስ እችለው ነበር። ግን አባቴ መጣ። እኔ ጋራዥ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ የማያውቅ አባቴ!

«አጃኢብ ነው ልጄ! እኛ ነፋስ አጥተን ገብሱ አውድማ ላይ ተኝቷል፤ አንተ ነፋስ ሠራህ?» ብሎ መረቀው። «ልጄ» አለው እኮ!

ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ቆመህ ከምታይ አታግዘውም?» አለኝ።

እንዴት ላግዘው? ባለፈው ወር ሰይድ የሞተር ካንዴላ መፍቻው ጠፍቶበት ሲጠይቀኝ፣ «አላየሁም» ብዬዋለሁ። ተውሼው ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ያለ መፍቻው ሞተሯ አትነሳለትም ብዬ ነው። እሱ ግን ከውሃ ቧንቧ ቆርጦ ሌላ መፍቻ ሠራ።

እናንተስ በቅናት ምን ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉ እንጂ፣ ብቻዬን አልዋረድ።

ሰይድ፣ አንተም ይህን ታነበዋለህ። መፍቻህን ነገ ጠዋት አመጣልሃለሁ፤ አባቴ ግቢህ ውስጥ ከሌለ።