ያቃናሁት ስንኝ

«መልኩን ንገራቸውና እንውጣ! ሌላ ምን አለ?»

«አላስታውሰውም አልኩህ።»

«ወረቀቱን ከእጁ የተቀበልከው አንተ ነህ። እኔ ነኝ እንዴ?»

የሚጮኸው የባንዱ መሪ ነው፤ ጊታር ተጫዋቹ። አዲሱ ሱሪው እንዳይቆሽሽ የእስር ክፍሉ መሃል ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ የተቀመጠበትን ጊዜ አላስታውስም። ድምፃዊው ሸሚዙን አውልቆ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተጋድሟል። ገና ረፋድ ነው፤ በላያችን ያለው ቆርቆሮ ግን በሙቀቱ ቋ ቋ ማለት ጀምሯል።

«ነገ ሐረር እንጠበቃለን» አለ መሪው። «ከዚያ ጅቡቲ። ጅቡቲ! ዕቃችን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተከምሯል። የጊታሬ አንገት ከተጣመመ በኋላ ብንፈታ ምን ልንሠራ ነው?»

«ሰውየውን አሳልፎ ይስጥ ነው የምትለው?» አለ ድምፃዊው ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሦስቴ ሲያስደግሙን የት ነበርክ? ከሁላችንም የደመቅከው አንተ ነህ።»

የታሰርነው በሁለት መስመር ግጥም ነው። በየከተማው ስንዞር አንድ ልማድ ነበረን። ከአንዱ ዘፈን መሃል ቦታ እንተዋለን፤ ታዳሚው ስንኝ በወረቀት ጽፎ ይልክልናል፤ ድምፃዊው በዜማው ያስገባለታል። አንዱ ሙሽራ ይመርቃል፣ ሌላው ያኮረፈችውን ይለማመጣል። ድምፃዊው ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ተቀብዬ በጆሮው የምነግረው እኔ ነበርኩ። የባንዱ ግጥም ጸሐፊ ነኝ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ቤት ያልመታ ስንኝ ስሰማ ጥርሴን ያመኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ክበብ ተጫወትን። አዳራሹን የሞላው የባቡር ሠራተኛ ነው። ጥፍሩ ውስጥ የማሽን ዘይት የቀረበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ።

ባቡር ስትመለስ፣ ልጄን ካየኸው፣
እናትህ ደህና ናት፣ እኛም ደህና ነን።

ልጁ ሠራተኛ አሳድመሃል ተብሎ፣ በባቡር ተጭኖ አዲስ አበባ እስር ቤት እንደገባ አጠገቤ የቆመ ሰው ሹክ አለኝ። ሰማሁት። ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ «ነን» ከ«ኸው» ጋር አይገጥምም። ከበሮው ዞሮ ስንኙ የሚገባበት ቦታ ላይ ሊደርስ ነው። ድምፃዊው ጆሮውን አዘነበለልኝ። እንዲህ አልኩት፦

ባቡር ስትመለስ፣ ልጄን ካየኸው፣
አሳሪህ ታስሮ፣ ይመጣል በለው።

ሰዉ ወንበሩን ጥሎ ተነሳ፤ ስንኙን ሦስቴ አስደገመን። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ዘፈኑ ሳያልቅ ፖሊስ መድረኩ ላይ ወጣ። በመኪና ሲወስዱን ወረቀቱን አፌ ውስጥ ከትቼ ዋጥኩት። የእጅ ጽሕፈቱ ሰውየውን እንዳያስይዘው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ድምፃዊው ሲያየኝ «ወንድ ነህ» አለኝ። ስንኙን እንደለወጥኩት እሱም መሪውም አያውቁም ነበር።

መሪው ጩኸቱን ሳይጨርስ በሩ ተከፈተና ወረቀቱን የሰጠኝን ሰው አስገቡት። ልጁ የታሰረበትን አባት ለማግኘት የኛ ጥቆማ አላስፈለጋቸውም። ከንፈሩ አብጧል።

«አቦ! ባንዱ እዚህ ነው እንዴ!» አለ።

«አባባ» አለ መሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ግጥም የላኩት እርስዎ ነዎት?»

«አንተ በለኝ። እዚህ አገር አንቱ የሚባል የለም። ወረቀት ሰጥቻለሁ። የዘፈናችሁት ግን የኔ አይደለም። ወላሂ፣ የሌላ ሰው መስሎኝ የኔን ስጠብቅ ነበር።»

ድምፃዊው ተነስቶ ተቀመጠ። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«አንተ ነህ?» አለኝ ሰውየው።

«ቤት አልመታም ነበር።»

«ምን?»

«ስንኙ። መጨረሻው አልገጠመም።»

«እናቱ እህል አትቀምስም» አለ ቀስ ብሎ። «ደህና ናት ያልኩት እንዳያስብ ነው። ያቺን ውሸት ሳምንት ሙሉ አስቤባታለሁ።»

«ወረቀቱ የታለ?» አለ መሪው። «አሳያቸው! የጻፈውን ያዩና ይለቁታል!»

«ዋጥኩት።»

መሪው ሳቀ። ከዚያ በአዲሱ ሱሪው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ከትናንት ወዲህ ባቡር ወጥቷል» አለ ሰውየው። «ከድሬ በባቡር የወጣ ወሬ እስር ቤትም ይገባል። እስካሁን 'አባትህ በአደባባይ እንዲህ አለልህ' ብለው ነግረውታል። ዛሬ ደግሞ 'አባትህ ካደው' ብለው ሊነግሩት ነው?»

«ግን አላልከውም እኮ።»

«ዝም በል አንተ። አሁን የኔ ነው።»

ከዚህ ቃል ጀርባ ብዙ ጊዜ ተደብቄያለሁ። ዝም በል ብሎኛል እያልኩ። ለማዘዝ ይገባው ነበር፣ ታዘዝኩት እያልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም በል ሲለኝ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ የማልረሳው እሱን ነው። የዚያኑ ቀን ተፈታን፤ በማግስቱ ሐረር ተጫወትን፤ ተጨበጨበልን። የሰውየው መጨረሻ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ለማወቅም ደፍሬ አልጠየቅኩም። አሁንም ከባንዱ ጋር እዞራለሁ፤ ከሰው እጅ የመጣ ስንኝ ግን እንደተጣመመ ነው የማቀብለው። ድምፃዊው አንዳንዴ «ይህማ ቤት አይመታም» ይለኛል። እንዳለ ዝፈነው እለዋለሁ። ይህ የማንንም እስር አያሳጥርም፤ አውቃለሁ።

ያን ረፋድ ሰውየው ዝም በል እንዳለኝ፣ የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ በሩን ከፈተ። «ግጥሙ የማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቀው።»

አፌን እንደከፈትኩ አውቃለሁ። ድምፅ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ድምፃዊው ምንም አልሰማሁም ይላል።

«የኔ ነው» አለ ሰውየው።

«ማን ጻፈልህ?»

«እኔው። ልጄ ነው የታሰረው፤ ሌላ ማን ይጽፍልኛል?»

«ድገመው እስቲ።»

ደገመው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አልተንተባተበም። ከዚያ ወደ ድምፃዊው ዞረ፤ «ድምፅህ ጥሩ ነው» አለው። መሪውን እያየ «ጊታሩ ግን ይጮሃል አቦ፤ ቃል አያሰማም።» እኔን አላየኝም።

ሃምሳ አለቃው ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ሰውየው ፈቀቅ አለና ቀድሞት ወጣ። በሩ ተዘጋ።