ውሃው የኔ አልነበረም

ልጄ ከሮተርዳም ሆስፒታል ወደ ቤት ስትመለስ እንደ ጧፍ ቀጥ ብላ ነው የመጣችው። ከዳሌዋ አጥንት ቆርሰው የታችኛውን ወገቧን አያይዘውታል፤ በላዩ ደግሞ ከደረቷ እስከ ዳሌዋ የሚደርስ ጠንካራ ኮርሴት አስታጥቀዋታል። እኛ ዴንሃግ ከተማ፣ ላክ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። የዚህ አገር ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ስለሆነ ሁለት የአምቡላንስ ሰዎች በወንበር ተሸክመው አወጧት። እኔ ከኋላ ከኋላቸው «ቀስ፣ ኧረ ቀስ» እያልኩ በአማርኛ እከተላለሁ፤ እነሱም «ያ፣ ያ፣ ሜቭራው» ይሉኛል፤ እሺ፣ እሺ እመቤት ማለታቸው ነው።

«እማዬ፣ ሶፋ አይደለሁም እኮ፣ አልሰበርም» አለችኝ ከወንበሩ ላይ ሆና።

ሳቅኩላት።

ወገቧ የተጎዳው በሥራ ነው። የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ከሷ እጥፍ የሚከብዱ ሽማግሌዎች ስታነሳና ስታስተኛ ከረመች። እኔ መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ በቅባት አሻት ነበር። ሐኪሞቹ ግን አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ተንሸራቷል፣ ካልተያያዘ እግሯን ይነሳታል አሉ። እሷም ፈረመች። እኔ ምን እላለሁ? ማንበብ የተማርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ያውም በአማርኛ። በሆላንድኛ የማውቀው በማጸዳበት መሥሪያ ቤት የለመድኩትን ነው፤ ባልዲ፣ ውሃ፣ መስኮት፣ ነገ፣ የኔ፣ የሷ።

አሁን ስለ ወንዱ ልጄ ልናገር፤ ካልተናገርኩ ፍርሃቴ አይገባም። ከሷ በታች አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ። ከአገር ስንወጣ ሱዳን ድንበር ላይ፣ መጠለያው ውስጥ፣ በሐሩሩ ወራት «ራሴን» አለኝ። ፀሐይ ነው ብዬ በእርጥብ ነጠላ አሰርኩለት። ከዚያ አንገቱ አልታጠፍ አለ። ማጅራት ገትር ነው አሉ። እዚያው አሸዋው ውስጥ ትቼው መጣሁ። ሆላንድ ስገባ ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ተረፋችሁ» ይለናል፤ እኔ ግን ያ አንገት በየቤቱ ይከተለኛል። ባቡር ውስጥ የተኛ ሕፃን አንገቱ ቀና ብሎ ካየሁ እናቱን ቀስቅሽው ልላት ይቃጣኛል።

ስለዚህ ልጄን ራሷን ባመማት ቁጥር «አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ» እላታለሁ። ካደገችም በኋላ አልተውኩም። እሷም በሆላንድኛ የሆነ ነገር ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ታደርገዋለች።

ቁስሏን የምትቀይር ነርስ በየቀኑ በብስክሌት ትመጣ ነበር። ረጅም፣ ጉንጯ ቀይ፣ ስትገባ ቤቱን በአንዴ የምትሞላ ሴት ናት። የሥራዋ ስም ለአፌ ስለከበደኝ እንደ ሌላው ሰው «ዙስተር»፣ እህት እንደ ማለት፣ እላታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። አምስተርዳም የምትኖር የአገራችን ሴት ከአዲስ አበባ ስትመለስ በለስላሳ ጠርሙስ ጸበል አምጥታልኝ ነበር። ጠዋት እህል ሳትቀምስ ጥቂት አጠጣትና ፊቷን እረጫታለሁ። ያን ቀን እየረጨኋት ዙስተር ገባች፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ደግሞ ፋሻው ላይ አርፏል። አበደች።

«ኼን ዋተር! ኼን ዋተር!» አለች ጣቷን እያወዛወዘች። ውሃ አይነካትም ማለቷ ነው።

«ተራ ውሃ አይደለም በያት» አልኩ ለልጄ።

«ብላት ምን ልትሆን? ለሷ ውሃ ውሃ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቁስሉ አጠገብ አልደረስኩም። ጸበሉም ብዙ ሳይቆይ አለቀ። ጠርሙሱን ግን የጸበል ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ አጥቤ መስኮቱ ጋ አቆምኩት። ዙስተር በመጣች ቁጥር እሱን ገልመጥ ታደርጋለች፣ ከዚያ እኔን።

ልጄ መቀመጥ ስትጀምር ነው ነገሩ የተበላሸው። ስትቀመጥ ፊቷ ይገረጣል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ስትጋደም ይመለስላታል። «ራስሽን ነው?» እላታለሁ። «ድካም ነው» ትለኛለች። የግራ እግሯን ጣቶች በእጇ ስታሻሻቸው አያለሁ። «ደነዘዘሽ?» እላታለሁ። «በረደኝ» ትላለች። ሁሉን ነገር ድካምና ብርድ አደረገችው። አንድ ጠዋት አንሶላዋን ስቀይር ወገቧ ያረፈበት ቦታ ረጥቧል። ሽንት እንዳልል አይሸትም። ላብም አይደለም፣ ቤቱ ብርድ ነው። ጥርት ያለ፣ እንደ ምንጭ ውሃ። እጄን ከዚያ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ይህንኑ እንደያዝኩ ዙስተር ደረሰች። ፋሻውን ስትነካው እጇ ረጠበ። ዞር ብላ መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጄን ጠየቀቻት። ልጄም ዓይኗን ከኔ እያሸሸች መለሰችላት። ከመልሱ የሰማሁት «ማማ» እና «ዋተር» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱ በቃኝ። የእማዬ ውሃ ነው ብላታለች።

ዙስተር ያን ቀን አልጮኸችም። ፋሻውን ቀየረች። ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ እባክሽ። እንደገና ሊቀድዱኝ ነው። አልፈልግም።»

«ራስሽንስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

ጣራውን ታያለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ በአሸዋው አገር አይቼዋለሁ። «አገጭሽን…» ብዬ ጀመርኩና ፈራሁ፤ ባይታጠፍስ? ሳልጨርስ ጠርሙሱን ከመስኮቱ አንስቼ፣ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ያንን መሰላል ደረጃ ወረድኩ። ስወርድ አንድ ጫማ ከእግሬ ወልቆ ቀረ።

ዙስተር የብስክሌቷን ቁልፍ እየፈታች ነበር። አንድ እግሬ ባዶውን አስፋልቱ ላይ ቆሜ ጠርሙሱን ፊት ለፊቷ ዘቀዘቅኩት። አንድ ጠብታ አልወጣም። ጣቴን አስገብቼ አሳየኋት፤ ደረቅ። ዓይኗ ተለወጠ፣ ግን ገና አልገባትም። ቋንቋ ፈለግኩ። ባልዲ፣ መስኮት፣ ነገ… እግዜር ሲረዳኝ የሚያስፈልገኝ ቃል ከባልዲው ጋር የለመድኩት ነበር።

«ዋተር» አልኳት፣ «ኒት ቫን ማይ።» ደረቴን መታሁ። ከኔ አይደለም። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቤታችን ጠቆምኩ። «ቫን ሃር።» ከእሷ ነው።

«ቫን ሃር?»

«ቫን ሃር! ቫን ሃር!» ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ጮህኩ። ከዳቦ ቤቱ የወጡ ሴቶች ቆመው ያዩኛል፤ እብድ መስያቸው ይሆናል።

ብስክሌቱን ጣለችው። እኔን ቀድማኝ ደረጃውን ወጣች። አሁን የቀየረችው ፋሻ እንደገና ረጥቦ ነበር። ነጭ ፎጣ አስነክታ ወደ ብርሃኑ ወስዳ አየችው፤ ከዚያ ስልኩን አነሳች። ስታወራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ይህች ሴት ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ሮተርዳም መልሰው ወሰዷት። በአከርካሪያችን ውስጥ እስከ አንጎል የሚደርስ ጥርት ያለ ውሃ አለ፤ እሱን የያዘው ስስ ከረጢት በቀዶ ጥገናው ጊዜ ተጭሮ ኖሮ ቀስ በቀስ ተቀድዷል አሉ። ከፍተው ሰፉት። ከዚያ ራሷን ሳታነሳ በጀርባዋ እንድትተኛ ታዘዘች። እኔ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ አንገቷን አያለሁ።

«አታፍጥጪብኝ» አለችኝ አንድ ከሰዓት።

«መች አፈጠጥኩ?»

«ሁልጊዜ ነው የምታፈጥጪው። ራሴን ባልኩ ቁጥር እኔን አይደለም የምታዪው፣ እሱን ነው። ፊትሽ የሞተ ሰው ፊት ይሆናል። እኔ ደግሞ ያንን ፊት ከማይ ራሴን ቢፈልጠኝ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።»

ስለ ወንድሟ አፍ አውጥታ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነበር። የማስታውሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ ተኮራርፈን ሳለን የቀደዳት ሐኪም ገባ። ቀጭን፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አልጋው ጫፍ ቆሞ ብዙ ተናገረ፤ ወገቧን አለ፣ ራሱን ነካ፣ የግራ እግሯን ነካ። ልጄ ሰምታ ሰምታ ወደ እኔ ዞረች።

«ደህና ነሽ ይላል።»

«ያን ሁሉ አውርቶ?»

«እነሱ ነገር ያረዝማሉ።»

«ልጄ፣ ሙሉውን ንገሪኝ» አልኳት። «ፊቴ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አንቺ ግን ሙሉውን ንገሪኝ።»

አየችኝ። ሐኪሙም ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም ጠበቀን። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስፌቱ ይይዝ አይይዝ ገና አልታወቀም። በቀዳዳው በኩል ጀርም ገብቶ ከሆነ፣ ያው እኔ የምፈራው በሽታ ሊነሳ ይችላል፤ ውሃውን ለምርመራ ልከዋል። የግራ እግሯ ጣቶች ላይነቁ ይችላሉ። የተያያዘው አጥንትም መጽናቱ ገና ወራት አለው። የአልጋውን ብረት ይዤ እስክትጨርስ ቆምኩ።

በኋላ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ መጣ። ስፌቱም ያዘ። ልጄ ዛሬ ትሄዳለች፤ የግራ ጣቶቿ ግን እንደ ደነዘዙ ቀሩ፣ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ቢገባ አታውቅም። በዚያ ሰዓት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

«ጠይቂልኝ» አልኳት። «እኔ መፍራት የማቆመው መቼ ነው በይው።»

«እማዬ፣ ሐኪም እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ጠይቂው አልኩሽ።»

ጠየቀችው። ሰውየው እስከዚያ የሚያየው እሷን ነበር፤ አሁን ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረ።

«አላውቅም አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለም፣ እማዬ። ሙሉው ይሄው ነው።»