ለእድራችን የመረጥኩት አምፕሊፋየር

በዚያን ቀን ፒያሳ ካለው የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ባለሱቁ ሸምሱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን ማይክ ይዘው መሀል ላይ ቆመዋል። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ወልዴ ጥሩምባቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ከበሩ አጠገብ ናቸው። እኔ ደግሞ ከትልቁ አምፕሊፋየር ጎን ነበርኩ፤ እጄን እንደ ዘመድ ትከሻ ላዩ ላይ ጭኜ።

ያደረግኩትን ያደረግኩት እዚያ ቆሜ ነው። ይህንን ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ሰምተው ይሆናል ብዬ የምጠረጥራቸው አንድ ሰው አሉ፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ኃጢአቴን ከመናዘዜ በፊት የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው፤ አባ ደግሞ ቶሎ ይደክማቸዋል። ስለዚህ እርስዎ ይስሙኝ።

ሰፈራችን ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ ነው። ሰው ሲሞት ጋሽ ወልዴ ማለዳ ተነሥተው ጥሩምባ እየነፉ ይዞራሉ፤ በየማዕዘኑ ቆመው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። የባለቤቴን ሞት የለፈፉት እሳቸው ናቸው። ስሙን ከነአያቱ፣ የሠራበትንም መሥሪያ ቤት ሳያስቀሩ ለፈፉለት። ይህንን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ታዲያ የጋሽ ወልዴ የፊት ጥርሶች ወለቁ። ጥርስ የሌለው ሰው የሚነፋው ጥሩምባ ጉንፋን የያዘውን አህያ ይመስላል። ልጆች እየተከተሉ ይስቁ ጀመር። ለቅሶ በሳቅ ሲጀመር ነውር ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራ፤ እድሩ ድምፅ ማጉያ ይግዛ ተባለ። ለምርጫው ሦስታችን ተላክን። አቶ ጌታሁን ሰብሳቢ ስለሆኑ፣ ጋሽ ወልዴ የሙያው ባለቤት ስለሆኑ፣ እኔ ደግሞ ንብረት ያዥ ስለሆንኩና አስራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩ።

አሁን ስለ ዳንኤል ልንገርዎ። ዳንኤል የሟች እህቴ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ውቤ በረሃ አንድ የምሽት ጭፈራ ቤት ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ቤዝ ማለት ከዘፈኑ ሥር ሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ነው። ሲኖር ሰው ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን ዘፈኑ ራቁቱን ይቀራል። ጊታሩ ያለ አምፕሊፋየር ድምፅ የለውም፤ የዳንኤል አምፕሊፋየር ደግሞ ተቃጠለ። የቤቱ ባለቤት ዐቢይ ጾሙ እስኪፈታ እንደሚጠብቀው፣ ያን ጊዜ ማጉያ ይዞ ካልመጣ ግን ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ነገረው።

ጾሙን ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ ድምፅ የሌለውን ጊታር ሲጫወት አየሁት። ጣቶቹ ይሮጣሉ፤ የሚሰማው ግን የክሩ ትክትክታ ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ “እታለም፣ ልሽጠው መሰለኝ” አለኝ።

“እንደፈቀድክ” አልኩት። ከዚህ ሌላ ያልኩት የለም። ከዚያ ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ።

የሚፈልገውን አምፕሊፋየር አውቀው ነበር። በሸምሱ ሱቅ መስኮት ባለፍን ቁጥር ይቆማል። ትንንሾቹ ከበሮው ሲጀምር እንደሚዋጡ፣ ቤዝን የሚሸከመው ኃይለኛና ትልቅ ስፒከር ያለው ብቻ እንደሆነ እየጠቆመ አስረድቶኛል። በትምህርት ቤትም የሚነገረኝን የምይዝ ተማሪ ነበርኩ።

ሸምሱ ሐቀኛ ነጋዴ ነው። እጄን የት እንደጫንኩ ሲያይ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እማማ፣ ይሄ እኮ የቤዝ ጊታር ነው። ለሰው ንግግር አይሆንም፤ ቃሉን ያፍነዋል። ለእድር ከሆነ ያቺ ትንሿ ትበቃችኋለች።”

ይህ ይያዝልኝ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ ተነግሮኛል። ሸምሱ ነገረኝ፣ እኔም ሰማሁት። ሰምቼ ምን አደረግኩ? ወደ አቶ ጌታሁን ዞርኩ።

አቶ ጌታሁን ሰውነታቸው ግዙፍ ነው፤ ድምፃቸው ግን የጫጩት ነው። በስብሰባ ላይ ሲቆጡ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነጠላው ውስጥ ይስቃል፤ ይህንንም እሳቸው ያውቃሉ። በትንሿ ማጉያ ሲሞክሩ ያች ቀጭን ድምፅ ጥርት ብላ ወጣች። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። አየሁና ተጠቀምኩበት።

“እስቲ በዚህኛው ይሞክሩት” አልኩ።

“ሃሎ” አሉ።

የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከአቶ ጌታሁን አፍ የአንበሳ ድምፅ ወጣ። ደነገጡ። ደግመው፣ “ሃሎ፣ እድርተኞች” አሉ። “እድርተኞች” የሚለው ቃል ረጅም እምምታ ሆኖ ቀረ፤ እሳቸው ግን ቃሉን መች አዳመጡ? በዚያ ዕድሜያቸው ወንድ መስለው ተሰሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“እንዴት ነው፣ እትዬ አስቴር?”

“ግርማ ሞገስ አለው” አልኩ። “ሰው ሲሞት ቀጭን ድምፅ አያምርም።”

“እኔስ ምን አልኩ!” አሉ፤ ምንም አላሉም ነበር።

ሸምሱ፣ “እማማ...” ብሎ ጀመረ። ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ ዝም አለ። አንድ ሐቀኛ ነጋዴን በዓይኔ ዝም ያሰኘሁ እኔ ነኝ።

ጋሽ ወልዴ ከበሩ ሆነው፣ “ጥሩምባውስ?” አሉ።

“ጥሩምባው የእድር ንብረት ነው፤ ዕቃ ቤት ይገባል” አልኳቸው። እጄንም ዘረጋሁ። እዚያው፣ በሰው ሱቅ ውስጥ። ሽማግሌው ፌስታሉን ከብብታቸው አውጥተው ሰጡኝ። እስከ እሑዱ ስብሰባ መጠበቅ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ጥሩምባው እሳቸው ዘንድ ካለ ግን ሰው ሁለቱን ያወዳድራል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የእድር ዕቃን አባል ይዋሳል፤ ልማዱ ነው። ድንኳኑ ለሰርግ፣ ድስቱ ለክርስትና፣ አግዳሚው ለማኅበር ይወጣል። ሰው በማይሞትበት ጊዜ ዕቃው ሥራ ይፈታልና። ዕቃ ቤቱ ያለው እኔ ግቢ ነው፤ ቁልፉም ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ዳንኤል ደግሞ አባል ነው። አሁን ገባዎት?

“እድሩ ማጉያ ገዝቷል፤ ከፈለግክ ተዋሰው” አልኩት። ሄዶ አየው። ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

“እታለም፣ ይሄ እኮ የቤዝ አምፕ ነው። እድር ምን ያደርግለታል? ሬሳውን ሊያስጨፍሩ ነው?”

“አቶ ጌታሁን ናቸው የመረጡት” አልኩት። “ሰው ሳያውቅ ይገዛል።”

“አቦ ይመቻቸው!” ብሎ ጊታሩን ሊያመጣ ሮጠ። እኔም ጥፋቴን በሌላ ሰው ላይ ጭኜ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ጾም ተፈታ፤ ዳንኤል ሥራው ላይ ተመለሰ። ንፋሱ ወደ እኛ ሲሆን ዘፋኙ አይሰማም፣ ከበሮው አይሰማም፤ እሱ ብቻ ይሰማኝ ነበር። መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጌ እተኛለሁ፤ ለአየሩ ነው። ማንም አልሞተም። የሰፈሩ ጤና እንዲህ አሳስቦኝ አያውቅም።

በኋላ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሞቱ። ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ከማንም ጋር ነገር የሌላቸው ሴት ነበሩ። አምፕሊፋየሩ ከውቤ በረሃ ተመልሶ የእድሩ ቤት በረንዳ ላይ ወጣ። ሰው እየዞረ ከሚደክም ከአንድ ቦታ ሆኖ ለሁሉም ቢናገር ይሻላል የሚለው የአቶ ጌታሁን ሐሳብ ነበር። የድምፁ ቁልፎች ዳንኤል እንዳዞራቸው ሁሉም ወደ ወፍራሙ ዞረዋል። አየሁ፤ አልነካሁም። ብነካ ማወቄ ይታወቃል። ድንኳኑን ለጎረምሶቹ አስረክቤ ወደ ሟቿ ቤት ወረድኩ።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት ከሌሎች ነው። አቶ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ። ቆርቆሮ ሁሉ ተንጫጫ። በዚያ ዓመት ከአዋሽ በኩል የሚመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰውን አስደንግጦት ነበርና ግማሹ ሰፈር ልጁን አቅፎ፣ ሌላው ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ውጭ ወጣ። ኋላ አንዱ፣ “የእድሩ ነው!” ብሎ አረጋጋ። ሞት መኖሩ ታወቀ፤ ማን እንደሞተ ግን አልታወቀም። አቶ ጌታሁን ደገሙት። ደግሞ ነጎደ።

የእኛ ሰፈር ሰው ለለቅሶ ቆሞ አይጠይቅም። ነጠላውን አዘቅዝቆ በቀጥታ ወደ አባባ ደስታ ቤት አመራ። አባባ ደስታ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ተራው የእሳቸው ነው ብሎ ሁሉም በየልቡ የያዘው ነገር ነበር። ሴቶቹ ደጁ ሳይደርሱ ዋይታውን ለቀቁት። አባባ ደስታ መፋቂያቸውን እንደነከሱ ብቅ አሉ።

“ማን ሞተ?” አሉ።

“ወይኔ አባቴ!” ብላ የጀመረች አንዲት ሴት መሀሉ ላይ አቆመች።

አባባ ደስታ ደጃቸው የቆመውን ሰው በሙሉ ከዳር እስከ ዳር አዩት። “ሥላሴ ይስጥልኝ፣ ብዙ ናችሁ” አሉ። “ቆዩኝ፣ ኮቴን ልልበስና አብረን እንሂድ።”

ይህንን ሲነግሩኝ ሳቅኩ። መሳቅ ግን አይገባኝም ነበር። ሰፈሩ አባባ ደስታ ደጅ ሲሰበሰብ እኔ ባዶ ድንኳን ውስጥ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ጋር ተቀምጬ ነበር። አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፤ ሰው የለባቸውም። ከላይ ከላይ ያ ጉርምርምታ ይመጣል።

“እትዬ አስቴር፣ ሰው የለንም ማለት ነው?” አለችኝ።

“ይመጣል” አልኳት።

መጥቷል፤ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል፣ አባባ ደስታን አስቀድሞ። እሷ ግን ያንን ጥያቄ ጠይቃለች። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን የማውቀውም እኔ ነበርኩ።

በእሑዱ ስብሰባ አምፕሊፋየሩ መሀል ላይ ተገትሮ ተከሰሰ። አቶ ጌታሁን ተነሥተው፣ “የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው” አሉ። የመረጡት እሳቸው እንደሆኑ ከልባቸው ያምናሉ።

“ማሽኑ ምን አደረገ? ድምፁ የእርስዎ ነው!” አለ አንዱ ከኋላ።

“ከጉድጓድ ውስጥ ሆነው ነበር እንዴ የተናገሩት?” አለ ሌላው።

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ከረረ። ሰብሳቢነታቸውን ይልቀቁ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ደጋፊም አገኘ። እኚያ ሰው ሌላ ምን አላቸው? ጡረታ ወጥተዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ በዓለም ላይ “ሰብሳቢ” የሚላቸው ያ አዳራሽ ብቻ ነው። ላብ በላብ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ።

“እትዬ አስቴር አብረውኝ ነበሩ፤ እሳቸው ይናገሩ። በዚሁ ይናገሩበትና ፍረዱ!” ብለው ማይኩን ሰጡኝ።

ተነሣሁ። ጋሽ ወልዴ ከእኔ አጠገብ፣ ክንዴ ሥር ተቀምጠው ነበር። ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አንድም አላስቀረሁም። የመረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ባለሱቁ ነግሮኝ ነበር፣ አውቄ ነው አልኩ። ለዳንኤል ብዬ ነው አልኩ። የጋሽ ወልዴን ጥሩምባ የቀማሁት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽንም ያለ ለቀስተኛ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ቃሌ ሳጥኑ ውስጥ እየገባ ነጎድጓድ ሆኖ ወጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንጫጫ፤ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ጨረስኩ።

“አያችሁ! የእሳቸውም አይሰማም!” ብሎ አንዱ ጮኸ። “ማሽኑ ነው እንጂ ጋሽ ጌታሁን ምን አጠፉ!”

አጨበጨቡ። አቶ ጌታሁን ሁለት እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። በሰብሳቢነታቸው ቀጠሉ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ “ድሮውንስ ማጉያ ከመግዛት ለጋሽ ወልዴ ጥርስ ማስተከል አይሻልም ነበር?” አለች፤ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ጥሩምባው ለባለቤቱ ይመለስ ተባለ። አምፕሊፋየሩም ዕቃ ቤት ተቀምጦ የፈለገ አባል ይዋሰው ተባለ። የሠራሁትን ኃጢአት እድሩ እጅ አውጥቶ አጸደቀልኝ።

ለምን ማይኩን አላስቀመጥኩትም? አዳራሹ ትንሽ ነው፤ የራሴ ድምፅ ይበቃው ነበር። ያ ሳጥን የሰውን ቃል ምን እንደሚያደርገው ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚያ ማን ነበር? ተናዘዝኩ ወይስ ተደበቅኩ? አላውቅም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን አውቃለሁ። ይቅርታ አልጠይቅዎትም። የሚጠየቁት ሌሎች ናቸው።

ጥሩምባውን ከነፌስታሉ አምጥቼ ለጋሽ ወልዴ ሰጠኋቸው። ስናገር ከሳጥኑ ይልቅ ለአፌ ቅርብ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ቃሌን የሰማ ካለ እሳቸው ናቸው። አወጡት፤ አፉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ቀና ብለውም አዩኝ። ከዚያ እንዳልፍ ከዘራቸውን ከመንገዴ ሰበሰቡልኝ።

ዣንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።